የዳለቻዋ ዘይት

ሰፈሩ «እትዬ አንሶላ» ይላታል። በሆስፒታሉ የልብስ ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት አንሶላ ስትቆጥር፣ ስታጥፍና የተቀደደውን ስትጠግን ስለኖረች የወጣላት ስም ነው፤ እሷም ጠልታው አታውቅም። ደም፣ አዮዲን፣ ሽሮፕ፣ የቱ እድፍ በምን እንደሚለቅ ጠንቅቃ ታውቃለች። «የማይለቅ እድፍ የለም፤ የሚዘገየው ሰው ነው» ትላለች።

ባሏ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ እሱን ደግሞ «ጋሽ ፖስታ» ይሉታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ቦርሳ አንግቶ በእግሩ ዞሮ፣ ጡረታ በወጣ በወሩ በአንድ ላይ የተሰጠውን ገንዘብ ይዞ ከቤት ወጣና ከሰዓት በኋላ አንዲት ትንሽ መኪና እየነዳ ተመለሰ። መኪናዋ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከእሱ በፊት አራት ባለቤት አሳልፋለች። ቀለሟ አመድማ ስለሆነ እንደ ላም «ዳለቻ» ብሎ ስም አወጣላት። ሚስቱ መኪናዋን ዞራ ዞራ አየችና፣

«ስንት ሰው ትይዛለች?» አለችው።

«አራት።»

«ለመግፋትስ ስንት ሰው ትፈልጋለች?»

«አታሟርቺ!» አለ እየሳቀ። «እግሬ የድርሻውን ሠርቷል። ከእንግዲህ ተቀምጦ ይጓዝ።»

ሟርት አይባል እንጂ ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ራዲያተሩ አፈሰሰ። ቀዳዳው በልብስ ሳሙና ተደፍኖ ነበር የተሸጠችለት። ሳሙናው ሲሟሟ ውሃው አለቀ፤ ውሃው ሲያልቅ ሞተሩ ጋለ፤ ሞተሩ ሲግል የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጠለ። ለአንድ ቁራጭ ሳሙና የሦስት ወር ጡረታ ተከፈለ። ከዚያ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ጀመረ፤ ከዚያ የፍሬኑ ሸራ አለቀ፤ ከዚያ የጢስ ማውጫዋ ማርሚታ ተቀዶ፣ ጋሽ ፖስታ ገና ሁለት መንገድ ሲቀረው ሚስቱ ጩኸቷን ሰምታ እራት ታቀርብ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚጠግነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ጠባብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። «አይሞትም» ይባላል። ምንም ዓይነት መኪና እየተጎተተ ቢመጣለት ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ «አይሞትም» ማለት ልማዱ ነው። ለጋሽ ፖስታም ምክር አልነፈገውም፤ «ጋሼ፣ አሮጌ መኪና እንደ አማት ናት። ስትጮህ አትፍራት፤ ዝም ስትል ነው መፍራት» ብሎታል።

ዳለቻ ዝም ያለችው በዓመቱ ነው። ዳገት መሀል ላይ ቺንጋዋ፣ የሞተሯ ቀበቶ፣ ተበጠሰና ቀጥ አለች። ጋሽ ፖስታ የሰው ፊት ማየት ከበደው መሰለኝ፣ ማንንም ሳይጠራ ወርዶ ብቻውን ሊገፋት ሞከረ። እዚያው በግንባሩ ተደፋ። ሆስፒታል ገብቶ አልጋ ሲይዝ አልጋውን ያነጠፈችለት ሚስቱ ናት፤ ያን ቀን የአንሶላውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ተረፈ። ሲወጣ ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ «ልቡ ደክሟል። ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያንሳ፤ ድንጋጤና ንዴትም ይቅርበት» አላት።

ድንጋጤ ይቅርበት የሚለውን ቃል እንደ ትእዛዝ ይዛ ቤት ገባች።

ወር አልሞላም፣ የቺንጋውን ክፍያ ልታደርስ ጋራዥ ስትሄድ አይሞትም ከመኪና ሥር ወጥቶ፣ «እትዬ፣ ጋሼን ቀስ ብለሽ ንገሪልኝ። ዳለቻ ዘይት ትጠጣለች» አላት።

«ዘይት መጠጣት ማለት?»

«ወደ ውጭ አይፈስም፤ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ይቃጠላል። በዕድሜዋ ፋሻዎቹ አልቀው ይሆናል። ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚያቅፈው ቀለበት ነው። ሞተሩን አውርዶ ማደስ ያስፈልጋል።»

«ስንት ያስወጣል?»

ነገራት። እሷ በልቧ በጡረታ መነዘረችው፤ ስምንት ወር።

«ባይታደስስ?»

«አይሞትም። ዘይቱ እንዳይጎድል እየተጨመረ ይሄዳል።»

«እንግዲያው አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልሰማሁ» አለችና አንድ ሊትር ዘይት ገዝታ ሄደች።

ከዚያ ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጋሽ ፖስታ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቁርሱን በልቶ ሸሚዙን ይለውጣል፤ ኮፈኑን ይከፍታል፤ የዘይት መለኪያዋን ብረት መዝዞ በነጭ ጨርቅ ይጠርጋል፤ መልሶ ይከታል፤ እንደገና መዝዞ ወደ ብርሃን ያነሣታል። ከዚያም ጎረቤት እንዲሰማ አድርጎ፣ «ጠብ አላለችም!» ይላል። እትዬ አንሶላ ደግሞ ዓርብ ዓርብ፣ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት፣ እሱ ገና ተኝቶ ሳለ፣ ከመታጠቢያው ጀርባ የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ታወጣለች። ውስጡ ያለው ዘይት ነው። ጋዜጣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ በሱ በኩል ትጨምራለች፤ ኮፈኑን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ድምፅ ሳታሰማ ትዘጋለች፤ እጇን በቅጠል አሽታ ትሄዳለች። አንድ ቀን ጋሽ ፖስታ ያንን ጠርሙስ አንሥቶ እጁን ሊታጠብበት ሲል ደርሳ፣ «እሱ የሆስፒታል ነው፣ ቆዳ ይልጣል!» ብላ ነጥቃዋለች።

እንዲህ ሲሉ ሁለት ዓመት ሞላቸው። የመኪናዋ ጤንነት የጋሽ ፖስታ ኩራት ሆነ። ሰው ሲያመው «እንዴት ነህ?» እንደሚባለው ሁሉ እሱን የሚያገኝ ሰው «ዳለቻስ?» ይለዋል፤ እሱም፣ «ጠብታ ዘይት አልጨመርኩባትም። ነገሩ አያያዝ ነው!» ይላል። ሚስቱ ይህን ስትሰማ አንገቷን ትደፋለች። ማታ ስትጸልይ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዝም ነው ያልኩት እንጂ ውሸት አልተናገርኩም» ትላለች። ይህ ጸሎት ከንስሐ ይልቅ ወደ ጥብቅና እንደሚያደላ ራሷም አልጠፋትም።

ነገሩ ሁሉ የተለወጠው የእህቱ ልጅ የመጣች ሐሙስ ነው። ልጅቷ አዋላጅ ናት። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስነዳ ጤና ጣቢያ ተመድባ፣ በየቀኑ ተመላልሳ ልትሠራ መኪና ትፈልጋለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ገንዘብ ከደህና አሮጌ መኪና በላይ አይገዛም። ጋሽ ፖስታ ዓይኑ መድከሙን፣ ማታ ማታ መንዳት መተዉን ነገራትና፣ «ዳለቻን ውሰጃት። ሌላ ቦታ ሄደሽ ሳሙና የተደፈነበት ከምትገዢ» አላት።

«አጎቴ፣ ሞተሯ ደህና ነው?»

«ሁለት ዓመት ጠብታ ዘይት አልጨመርኩባትም። ካላመንሽ አክስትሽን ጠይቂ።»

እትዬ አንሶላ ያነሣችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰች። ልጅቷ ግን አልጠየቀቻትም። «አንተ ካልክ ምን እጠይቃለሁ? መካኒክም አላሳይም፤ ያንተ ቃል ይበቃኛል። እሁድ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ» አለች።

ዓርብ ሲነጋ እትዬ አንሶላ ጠርሙሱን ይዛ ወጣች። ኮፈኑን ከፍታ መለኪያዋን መዘዘች፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ላይ ነው። ጠርሙሱን ከፈተች፤ አልጨመረችም። መልሳ ዘጋችው። ከዚህ በኋላ የምትጨምረው ጠብታ ሁሉ በልጅቷ ላይ የሚፈርም መሰላት። በምሳ ሰዓት ከሥራ ወጥታ ወደ ጋራዥ ሄደች።

«አንድ ሰው ሳያውቅ፣ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ቢነዳትና ዘይት ባይጨምርባት ምን ይሆናል?» አለችው አይሞትምን።

አይሞትም እጁን በጨርቅ ጠረገ። «በረጅም መንገድ የበለጠ ትጠጣለች» አለ። «በሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ በአራት፣ ሞተሩ ደርቆ መንገድ ላይ ይጣበቃል። ይሞታል፣ እትዬ። ያኔ እኔም አላድነውም።»

ያን ቃል ከዚያ ሰው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። በጎማ ክምር ላይ ተቀመጠች። የልጅቷ ሦስት ዓመት መንገድ ዳር ቆሞ ታያት። በስተጀርባው ደግሞ የባሏ ቃል አለ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው አደራ አንድም ቀን ያላጎደለ ሰው፣ በገዛ ዘመዱ ፊት አታላይ ሊባል ነው። ይህ እንዳይሆን መናገር አለባት፤ ብትናገር ደግሞ ያ የደከመ ልብ አለ። «ጌታ ሆይ» አለች፣ «በሁለቱ መሀል ራሴን ያቆምኩት እኔው ነኝ። አሁን አንተ አሳልፈኝ።»

ማታ እራቱን እስኪጨርስ ጠበቀች። የልብ ኪኒኑን በቀሚሷ ኪስ ይዛ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ዳለቻ ዘይት ትጠጣለች» አለች።

«ማን አለ?»

«እኔ። ዓርብ ዓርብ የምጨምርባት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሆነኝ።»

ጋሽ ፖስታ አልጮኸም። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። እጁ ደረቱ ላይ ሲያርፍ እሷ እጇን ወደ ኪሷ ከተተች።

«ኪኒኑን መልሺው» አለ። «የተነካው ልቤ አይደለም። ስንት ሊትር ይሆናል?»

«ወደ ሠላሳ አምስት።»

«ሠላሳ አምስት ሊትር! በዚህ እኮ መርከብ ይሄድ ነበር።» ሊስቅ የነበረ ይመስላል፤ ግን ሳይስቅ ቀረ። «እኔ በዚህ እጄ ሠርግም ሞትም አድርሻለሁ። የሞት ወሬ ያለበትን ፖስታ በክብደቱ አውቀው ነበር። በሩን ሳንኳኳ የምትከፍተው እናት ናት፤ ልጇ እንደሚጽፍላት ነው የምታውቀው። አንድም ቀን ይሄ ያስደነግጣታል ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስቀርቼ አላውቅም። ለምን? የሷ ነዋ! አንቺ የኔን ደብዳቤ ሁለት ዓመት ከፍተሽ አስቀረሽው።»

«ትሞትብኛለህ ብዬ ነው።»

«እንደ እንቁላል ይዘሽኝ ምኑን ኖርኩት?»

ይህን ብሎ ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ነው። ሸሚዙን ሳይለውጥ ወጣ፤ መለኪያዋን መዝዞ አየ፤ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና፣ «እርስዎ እንዳሉት ነው» አላት። በሠላሳ ዓመት ትዳር አንቱ ብሏት አያውቅም። ቁርስ ሲቀርብ፣ «እርስዎ ይቅደሙ» አለ። ጫማውን ሲያደርግ፣ «ከፈለጉ አብረውኝ ጋራዥ ይምጡ» አለ። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ቢሆንም ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችው፤ ባልና ሚስት አብረው ጋራዥ ሲሄዱ ያ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው።

አይሞትም ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያይ ነገሩ ገባው። «ጋሼ፣ እኔንም ይቅር በለኝ» አለ።

«ያንተን ኋላ እንደርስበታለን። አሁን በሽታዋን ንገረኝ።»

«ዘይት ትጠጣለች፤ በሦስት ሳምንት አንድ ሊትር። ፋሻዋ ሳያልቅ አይቀርም።»

«ጢሱስ?»

«የምን ጢስ?»

«ጠዋት ሳስነሣት ሰማያዊ ጢስ ቡፍ ታደርጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ከዚያ ይጠራል። ብርዱ ነው እያልኩ ነው እንጂ። ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ወርጄ ነዳጅ ስሰጣት እንደገና ቡፍ።»

አይሞትም የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «ዳገት ስትወጣስ? ስትጫናትስ?»

«ዳገት ላይማ ጥርት ያለች ናት።»

«ጋሼ! ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዘይት እንደምትጠጣ መቼ ነገራችሁኝ? ጤነኛ መኪና ላይ ጢስ አለ ብዬ ሐኪም ቤት ልምጣ?»

አይሞትም ወደ እትዬ አንሶላ ዞረ። እሷም እጇን ዘረጋች፤ «እኔ መች አስነሥቻት አውቃለሁ? እኔ ስጨምርባት ተኝታ ነው» አለች።

መካኒኩ ራሱን ያዘ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚስት የዘይቱን ነገር ስትደብቅ፣ ባል የጢሱን ነገር ይዞ ቤቱ ተቀምጧል። አንዱን ያለ አንዱ ሰምቶ በዕድሜዋ ፈርዶባታል፤ እትዬ ዝም በል ስላለችውም አንድ ቀን ከፍቶ አላያትም። ካንዴላዎቹን ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት እየለካ ወለሉ ላይ በጠመኔ ጻፈ። አራቱም ቁጥር ተቀራራቢ ነው፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞተር የሚያኮራ።

«ፋሻዋ ደህና ነው» አለ። «ያለቁት የቫልቮቹ ጎሚኒዎች ናቸው። ትንንሽ ላስቲኮች። መኪናዋ ስትቆም ዘይቱ በነሱ በኩል ይንጠባጠባል፤ ጠዋት ሲቃጠል ቡፍ ያለችው እሱ ነው። ሞተር ማውረድ የለ፣ ምን የለ። የሁለት ቀን ሥራ ነው።»

«ስንት?» አሉ ባልና ሚስት አንድ ላይ።

የአንድ ወር ተኩል ጡረታ ነው። የስምንት ወር ጡረታ እያሰበች የኖረችው እትዬ አንሶላ እንባዋ መጣ፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለች በነጠላዋ ጠረገችው። ጋሽ ፖስታ ግን ጣቱን ቀሰረባት። «አየሽ? አየሽ አንቺ ሴትዮ? የጠጣችው ሠላሳ አምስት ሊትር ዋጋ እኮ ይህንን ከፍሎ ይተርፍ ነበር!» አንቱታው የት እንደጠፋ ራሱም ልብ አላለውም። እሷ ግን ልብ ብላለች።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዚያ በፖስተኛ ጥንቁቅ ጽሑፉ የዳለቻን በሽታ ዘረዘረ። እየጻፈ ይጠይቃታል፤ «ያ የኋላ በር መቼ ነው መዝጋት የተወው?» እሷም የምታውቀውን ሁሉ ታወጣለች፤ ዝናብ ሲጥል ከሹፌሩ እግር ሥር ውሃ እንደሚገባ፣ መጥረጊያውን አንድ ጊዜ በመርፌና ክር እንዳሰረችው። ለእያንዳንዱ ከጎኑ አይሞትም የነገረውን ዋጋ ጻፈበት። አሥራ አራት ሆኑ። መጨረሻ ላይ አንብቦ፣ «ይህን አንብቦ የሚገዛ ሰው የለም» አለ።

«አትግዛዋ። በሰላም ትደር» አለች ሚስቱ።

እሁድ ልጅቷ ገንዘቧን በቦርሳ ይዛ መጣች። ጋሽ ፖስታ ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ድሮው በሁለት እጁ ወረቀቱን ሰጣት። «ሐሙስ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም። እኔም አላውቅም ነበር፤ እንዴት እንዳላወቅሁ የአክስትሽና የኔ ጉዳይ ነው። እውነቱ ይህ ነው።»

ልጅቷ ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበች። እትዬ አንሶላ ከበሩ መቃን ጋር ተጣብቃ ፊቷን ታያለች።

«አጎቴ፣ ይሄ መኪና ነው የታካሚ ካርድ?»

«ሁለቱም ነው።»

«ጎሚኒው ካንተ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።»

«ይቀነስ።»

«ፍሪሲዮኑም በዓመቱ እንደሚያልቅ ጽፈሃል። እሱም።»

«እሱስ ግማሹ! አንቺ እኮ ነሽ የምትጨርሺው።»

«ግማሹ ይሁን። ጎማዎቹስ?»

«ኧረ ይቺ ልጅ! ቆዳዬን ልትገፍፊኝ ነው የመጣሽው?» አለ ጋሽ ፖስታ፤ ፊቱ ግን በርቷል። በክርክር መሀል ድምፁ እንደዚያ ከፍ ሲል እትዬ አንሶላ ከሁለት ዓመት ወዲህ አልሰማችም ነበር፤ እጇን ግን ወደ ኪኒኑ ኪስ አልሰደደችም። ሲስማሙ ልጅቷ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ትወስጃታለሽ ማለት ነው?» አለች እትዬ አንሶላ፣ አላምን ብላ።

«እወስዳታለሁ እንጂ። አክስቴ፣ እናንተ ጋ ከመምጣቴ በፊት ሦስት መኪና አይቼ ነበር። ሦስቱም ባለቤቶች ምንም አልነካትም ነው ያሉኝ። በሽታው የተነገረኝ የዚችኛዋ ብቻ ነው። በሽታውን የማውቀውን ደግሞ አልፈራም፤ ሥራዬ ነው።»

ረቡዕ ዳለቻ ከጋራዥ ወጣች። ጠዋት ስትነሣ አይሞትም ከኋላዋ ቆሞ በነጭ ጨርቅ ማርሚታውን ሸፈነ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ። «አልኳችሁ እኮ፣ አይሞትም!» አለ። ጋሽ ፖስታም፣ «እኔን ነው ወይስ እሷን?» አለው።

ከወር በኋላ፣ ምሳ ላይ እንዳሉ፣ ስልክ ጮኸ። ልጅቷ ናት። ስነዳ ከፊት በግራ በኩል የሚያጉረመርም ነገር መጣብኝ፣ ፍጥነት ስጨምር ይብሳል አለች። ጋሽ ፖስታ አኝኮ ዋጠና፣ «የጎማው ኩስኔታ ነው፤ ጎማው የሚዞርበት ኳስ። ዘጠነኛው ላይ ጽፌልሻለሁ፤ ዋጋውንም እዪው። ዛሬውኑ ለአይሞትም አሳዪው፤ ከከረመ አይጠገንም» አላት።

ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ኩስኔታው ጀመረ» አላት።

እትዬ አንሶላ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ስንት ያስወጣል?»

ነገራት። እሷም ትንሽ አሰበችና፣ «ግማሹን ብናግዛት ምን ይመስልሃል?» አለችው።

ጋሽ ፖስታ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «እሱንማ አስቀድመሽ እኔን ጠየቅሽ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ለልጅቷ ሊነግራት መዳፉን አነሣ።